የተፋጠነው የሕግ ዲግሪ፤ ምን ሊታለፍ ይችላል? ምንስ ሊታለፍ አይገባውም?

በሌላ የሙያ ዘርፍ የመጀመሪያ ዲግሪ የያዘ ሰው ሕግ ለመማር ሲነሣ መደበኛውን የአምስት ዓመት ጉዞ ከሀ ብሎ መጀመር ይኖርበታልን? ወይስ ቀደም ሲል ያካበተው ዕውቀት ታስቦለት፣ ዘመኑ አጥሮለት፣ በቶሎ ሊመረቅ ይገባዋል? ለዚህ ጥያቄ የሕግ ትምህርት ቤቶች «የተፋጠነ መርሐ ግብር» በሚል ስያሜ መልስ ሲሰጡበት ይታያል። ዝርዝሩ ከተቋም ተቋም ቢለያይም መሠረተ ሐሳቡ አንድ ነው፤ ይኸውም አመልካቹ በቀድሞው ዲግሪው የወሰዳቸው የጋራ ትምህርቶች ይያዙለታል፣ የቀሩት የሕግ ትምህርቶችም ተቀራርበው ይሰጡታል ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ መርሐ ግብሩ ይኑር ወይም ይቅር ለማለት የተዘጋጀ አይደለም። ዓላማው ዘመኑ የሚያጥርበትን ምክንያት መርምሮ፣ ጤናማውን ከሕመምተኛው ለመለየት መሞከር ነው።

ምርመራው የሚካሄደው ከሰሜን ወሎ፣ በተለይም ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሐብሩ አንጻር ነው። ወልድያ ከአዲስ አበባ 520 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የዞኑ ዋና ከተማ ናት። የሐብሩ ወረዳ መቀመጫ መርሳ ደግሞ ከወልድያ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላ በደሴው መንገድ ላይ ትገኛለች። በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ትምህርቱን የሚሰጠው በመርሳ ነው። ወልድያ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ደግሞ የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። እንግዲህ አካባቢው በመምህራንና በግብርና ባለሙያዎች የታደለ ነው ለማለት ይቻላል። የተፋጠነውን የሕግ ትምህርት በር ሊያንኳኩ የሚችሉትም በአብዛኛው እነዚሁ ናቸው፤ የሁለተኛ ደረጃ መምህሩ፣ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ፣ የወረዳው የፋይናንስ ሠራተኛና ፖሊሱ።

ሕግን በሌላ ትምህርት ላይ ደርቦ መማር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን የትምህርት ሥርዓት ፍትሐ ነገሥት ለጀማሪ አይሰጥም። ተማሪው ንባቡን ጨርሶ፣ ዜማውን ቀምሶ፣ በቅኔ ቤት ግሱንና አገባቡን ጠንቅቆ ካወቀ በኋላ ወደ መጽሐፍ ቤት ሲገባ ይደርስበታል። በ13ኛው ምዕተ ዓመት በግብጽ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ይህ መጽሐፍ የሚፈታው በቅኔ በተሳለ አእምሮ ነው። በወሎ የእስልምና ትምህርት ግን ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው። ደረሳው ቁርኣንን ካኸተመ በኋላ ብዙውን ጊዜ ቀጥሎ የሚቀራው ፊቅህን ነው፤ ነሕውና ሰርፍ፣ ተፍሲርም ከዚያ ይከተላሉ። በየጁ ምድር እንደ ዳና ያሉ የዕውቀት ማዕከላት ሊቃውንትን ያፈሩት በዚህ መንገድ ነው። በአንደኛው ቤት ሕግ የትምህርት ማሳረጊያ ሲሆን በሌላው የትምህርት መግቢያ ሆኖ ይገኛል። ልዩነቱ ያለ ምክንያት የመጣ አይመስለኝም። ሶላቱን፣ ውርሱንና ንግዱን በየዕለቱ በሕጉ የሚመራ አማኝ ሕጉን ቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል፤ በጉባዔ ተቀምጦ የሌላውን ሰው ነገር የሚፈርድ ግን አስቀድሞ ቋንቋውንና አእምሮውን ማጎልመስ አለበት።

በሁለቱም ቤቶች ግን አንድ የጋራ ልማድ አለ። ተማሪው ስንት ዓመት ቆየ ተብሎ አይጠየቅም፤ መጽሐፉን በመምህሩ ወይም በሸኹ ፊት ዘልቆ ካስመሰከረ ይሻገራል፣ ካላስመሰከረ ዐሥር ዓመትም ቢቀመጥ እዚያው ነው። ፈጣኑ መፍጠኑ፣ ዘገምተኛውም መዘግየቱ በዕውቀቱ ይለካል እንጂ በዘመን አይሰፈርም። ዛሬ «ማፋጠን» የምንለው ነገር ከዚህ ልማድ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ጉድለት ይታይበታል። ዘመኑን ይቀንሳል፤ ነገር ግን በተቀነሰው ዘመን ፋንታ ተማሪው ምን እንዳስመሰከረ አጥብቆ አይጠይቅም። ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት በአንድ ሴሚስተር የተወሰደ የሎጂክ ኮርስ በውጤት መግለጫው ላይ «ሲ» ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ ይያዛል። ያ ሰው ዛሬ አንድን መከራከሪያ አፍርሶ መልሶ መገንባት ይችል እንደሆነ የሚጠይቀው የለም።

በዘመናዊው ትምህርትም ችኮላው የቆየ ነው። በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ሲከፈት (የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ) አገሪቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በርካታ ታላላቅ የሕግ መጻሕፍትን አውጃ ነበር። የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ በ1949፣ የፍትሐ ብሔሩና የንግድ ሕጉ በ1952፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓቱ በ1954 ዓ.ም. ወጥተዋል፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱም በ1958 ዓ.ም. ተከተላቸው። ሕጉ ቀድሞ፣ ሕጉን አንብቦ በሥራ ላይ የሚያውለው ሰው ኋላ ቀረ። ፋኩልቲው ከቀኑ ትምህርት ጎን ለጎን በሥራ ላይ ለነበሩ ሰዎች የማታ ትምህርት መስጠቱ ከዚህ ችግር የመነጨ ነበር። ሁለተኛው ችኮላ የመጣው ከ1980ዎቹ አጋማሽ በኋላ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ክልሎችን የየራሳቸው ፍርድ ቤቶች ባለቤት ሲያደርግ፣ በየወረዳው የሚያስችል ዳኛ በአንድ ጀንበር ተፈለገ። በጥቂት ወራት ሥልጠና ብቻ ወንበር ላይ የተቀመጡ ዳኞች አያሌ ነበሩ። በዚያው ዓመት የተከፈተው የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ሕግን ከዋና ዋና ትምህርቶቹ አንዱ ያደረገው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነበር። የእነዚያን ዳኞች ድካም ለማቃለል አይደለም፤ እነሱ ባይኖሩ ኖሮ የብዙ ወረዳ ችሎት በሩ ተዘግቶ በቆየ ነበር።

ሆኖም ከእነዚህ ሁለት ችኮላዎች አሁን የምንወያይበትን የሚለየው ነገር አለ። ያን ጊዜ የቸኮለው መንግሥት ነው፤ ዛሬ የሚቸኩለው ተማሪው ነው። መንግሥት ሲቸኩል የሚፈለገው ሰው ቍጥርና ቦታ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ሠልጣኙም ከወዴት እንደመጣና ወዴት እንደሚመለስ ይታወቃል። ተማሪው ሲቸኩል ግን ዕቅድ አውጪው የሚያውቀው የተመዘገበውን ሰው ብዛት ብቻ ነው። የክፍያ ተማሪ በመሆኑም ተቋሙ ለጥያቄ የሚቸገርበት ምክንያት ያንሳል።

ትምህርት ሚኒስቴር ጉዳዩን ሳይጨነቅበት የኖረ አይደለም። በ1998 እና በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕግ ትምህርት ማሻሻያ ዲግሪው አምስት ዓመት እንዲሆን ተደርጎ፣ የችሎት ልምምድ፣ የሕግ ክሊኒክ፣ የማስመሰያ ችሎትና የሕግ አጻጻፍ ትምህርቶች ተጨመሩ። በ2003 ዓ.ም. የሕግ ተማሪዎች አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና መውሰድ ጀመሩ፤ ሌሎች የትምህርት ዘርፎች ይህንኑ የተከተሉት በ2015 ዓ.ም. ነው፤ በዚያም ዓመት ከተፈታኞቹ ያለፉት ከግማሽ በታች መሆናቸው አይዘነጋም። በመካከሉ፣ በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ፣ የግል ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የሕግና የመምህርነት ትምህርት እንዳይሰጡ፣ የርቀት ትምህርትም እንዲቆም መመሪያ ተላልፎ ነበር። የርቀቱ ክልከላ ብዙም ሳይቆይ ላላ። ውሳኔው ትክክል ነበር አልነበረም የሚለውን ክርክር እዚህ ማንሣት አያስፈልግም። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሁለቱ ሙያዎች፣ ሕግና መምህርነት፣ በአንድ መመሪያ ተጣምረው «በዋዛ ሊሰጡ የማይገባቸው» ተብለው መቈጠራቸው ነው። ዛሬ በተፋጠነው መርሐ ግብር አንደኛው ከሌላኛው ሰው ሲወስድ እናያለን፤ ወደዚህ ነጥብ እንመለስበታለን።

የማሳጠር ሁለት ዓይነቶች

በመርሐ ግብሩ ላይ የሚሰነዘረው ሒስ ብዙውን ጊዜ የሚደበላለቀው ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነው። አንደኛው መቈጠር ነው፤ ተማሪው የሚያውቀውን ድጋሚ አይማርም። ሁለተኛው መጨመቅ ነው፤ ተማሪው የማያውቀውን በአጭር ጊዜ ይማራል። መቈጠር ፍትሐዊ ነው። አንድ የመርሳ የባዮሎጂ መምህር ዐሥር ዓመት ካስተማረ በኋላ እንደገና «የሥነ ልቡና መግቢያ» ተቀመጥ ቢባል ጊዜውንም ገንዘቡንም ማባከን ነው። ይህን የሚቃወም ሰው አይገኝም፤ ቀደም ሲል እንደተባለው በማስመሰከሪያ ፈተና ይደገፍ ብቻ ነው የምንለው። መጨመቅ ግን ሌላ ነው። የውል ሕግ፣ ከውል ውጭ ኀላፊነት፣ የንብረት ሕግና የሥነ ሥርዓት ሕግ በቅዳሜና እሑድ ወይም በክረምት ሳምንታት ተደራርበው ሲሰጡ የሚጠፋው የሰዓት ብዛት ብቻ አይደለም። በአንዱ ኮርስና በሌላው መካከል ያለው የመብላላት ጊዜ ይጠፋል።

ለምን መብላላት እንደሚያስፈልግ በአንድ ምሳሌ እናስረዳ። በሐብሩ ቆላ የወንዝ ውሃ እየተጠለፈ መስኖ በሚጠጣ መሬት ላይ የሚነሣ ክርክር እንውሰድ። ባሏ የሞተባት ሴት ይዞታዋን ባሏ በሕይወት ሳለ «በወለድ አገድ» ለአበዳሪ አሳልፎ ነበር፤ አበዳሪው መሬቱን ይዞ እያረሰ ነው፤ የባልየው የመጀመሪያ ሚስት ልጆችም ድርሻ አለን ይላሉ። ይህ መዝገብ የሐብሩ ወረዳ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ዳኛው፣ ዐቃቤ ሕጉ ወይም ጠበቃው ምን ማየት ይኖርበታል? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም። በአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ 252/2009 ይዞታ እንዴት እንደሚተላለፍ የተደነገገ ሲሆን፣ ውሉ የተጻፈው ግን ቀድሞ በነበረው በ133/1998 ዘመን ሊሆን ይችላል። የባልና የሚስት ንብረት በክልሉ የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ 79/1995 ይገዛል። ወለድ አገድ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ራሱን የቻለ ስፍራ አለው፤ ነገር ግን ይህ ውል በእርግጥ ወለድ አገድ ነው? ወይስ ስሙን ለውጦ የመጣ ሽያጭ? ወይስ ኪራይ? ከሳሽዋ በየትኛው የይርጋ ዘመን ውስጥ ናት? የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትስ በተመሳሳይ ጉዳይ አስገዳጅ ትርጕም ሰጥቶበታልን? እነዚህን ጥያቄዎች ያዋቀሩት ቢያንስ ስድስት የተለያዩ ኮርሶች ናቸው። መምህሩ በየኮርሱ ያስተማረው ክር በተማሪው ጭንቅላት ውስጥ ተሸምኖ ጨርቅ የሚሆነው በጊዜ ነው። የመጨመቁ ጉዳት እዚህ ላይ ነው፤ ተማሪው ክሮቹን ሁሉ ይዞ፣ ፈተናውንም አልፎ፣ ጨርቁ ግን ሳይሠራ ይመረቃል።

ጉዳቱን የምትሸከመው ደግሞ ያች ሴት ናት። ጠበቃ የማቆም አቅም ለሌላት፣ ራፖሯን በፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግቶ ለሚጽፍ ሰው ለምትከፍል ባለጉዳይ፣ በችሎቱ ውስጥ ያለው ብቸኛ የሕግ ዐዋቂ ዳኛው ሊሆን ይችላል። (የራፖር ጸሐፊዎቹን ነገር ካነሣን፣ ከእነዚህ ሰዎች መካከል ሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጡ የክስ አቀራረብን ከአዲስ ተመራቂ የበለጠ የሚያውቁ መኖራቸውን ችሎት የተመላለሰ ሁሉ ይመሰክራል።)

ችሎት በማያስችልበት ቀን ልምምድ

የ1998ቱ ማሻሻያ ትልቁ ፍሬ ተማሪውን ከመጽሐፍ አውጥቶ ወደ ችሎት መውሰዱ ነው። የተፋጠነው መርሐ ግብር ከሁሉ በላይ የሚደክመውም በዚህ ረገድ ነው። ምክንያቱ ውስብስብ አይደለም፤ የቀን መቍጠሪያ ጉዳይ ነው።

የሥራ ሰው በሳምንቱ መጨረሻ ይማራል፤ ፍርድ ቤት ደግሞ በሳምንቱ መጨረሻ አያስችልም። መምህራን በክረምት ይማራሉ፤ ፍርድ ቤቶች ግን ከነሐሴ እስከ መስከረም መጨረሻ ለዕረፍት ይዘጋሉ፤ በዚያ ጊዜ ተረኛ ችሎት የሚያየው አጣዳፊ ጉዳዮችን ብቻ ነው። የቀረችው ሐምሌ ናት፤ እርሷም በክፍል ትምህርት ተይዛለች። እንግዲህ ከመርሳ ተነሥቶ ወልድያ ለመማር የሚመላለስ መምህር ሦስት ዓመት ሙሉ ቢማር፣ ምስክር ሲሰማ፣ መስቀለኛ ጥያቄ ሲጠየቅ፣ ዳኛ ብይን ሲሰጥ ሳያይ ሊመረቅ ይችላል። የልምምድ ኮርሱ በውጤት መግለጫው ላይ ይጻፋል፤ የተደረገው ነገር ግን ብዙ ጊዜ ለአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ወስዶ ማኅተም ማስመታት ይሆናል። የመምህርነት ትምህርት ያለፈ ሰው ይህን ነገር በሌላ መልኩ ያውቀዋል። የማስተማር ልምምድ ሳያደርግ፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ሳይቆም በመምህርነት የተመረቀ ሰው ቢመጣ የትኛው ርእሰ መምህር ክፍል ይሰጠዋል?

መፍትሔው ከዐቅም በላይ አይደለም። የመርሳ መምህር ወልድያ ድረስ ችሎት ለመታደም መሄድ አያስፈልገውም፤ የሐብሩ ወረዳ ፍርድ ቤት በገዛ ከተማው ነው። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በሴሚስተር ለተወሰኑ የሥራ ቀናት ፈቃድ ቢሰጠው፣ የችሎቱ ሬጅስትራር የታደመባቸውን መዝገቦች ቍጥር በመዝገብ እየያዘ ቢፈርምለት፣ የሕግ ትምህርት ቤቱም ከእነዚያ መዝገቦች በአንዱ ላይ ተመርኩዞ የሕግ ትችት ቢያስጽፈው፣ ከማኅተም የሚሻል ነገር ይገኛል። ለዚህ ሦስት መሥሪያ ቤቶች መስማማት አለባቸው፤ ችግሩም ያለው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ሌላው ጉዳይ ቋንቋ ነው። የሕግ ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ የአማራ ክልል ፍርድ ቤቶች ግን የሚያስችሉት በአማርኛ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ አማካይነት በፈረንሳይኛ ተረቅቆ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰ እንደመሆኑ፣ በሁለቱ ቅጂዎች መካከል የማይገጥሙ አንቀጾች መኖራቸው ለሕግ ሰዎች የተለመደ ነገር ነው። በ1987 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 3 መሠረት ልዩነት ሲፈጠር የሚጸናው የአማርኛው ነው። በአምስቱ ዓመት የሚማረው ወጣት ከእንግሊዝኛው መማሪያ ወደ አማርኛው ችሎት ለመሻገር ጊዜ አለው፤ የተፋጠነው ተማሪ ያን ጊዜ የለውም። ነገር ግን አንድ ያልታሰበበት ሀብት አለው። ከእነዚህ ተማሪዎች መካከል አማርኛን ሲያስተምሩ የኖሩ መምህራን ይገኛሉ፤ የዐረፍተ ነገር አገባብ፣ የቃል ፍች፣ የሐሳብ ቅደም ተከተል የዕለት እንጀራቸው ነው። ፍርድ መጻፍ ከዚህ የተለየ ሥራ አይደለም። ሆኖም መርሐ ግብሩ ይህን ችሎታ አንድም ቦታ አይጠራውም።

የቀድሞው ዲግሪ እንደ መግቢያ ቲኬት

ከሁሉ የሚያስቈጨው ይህ ነው። በተፋጠነው ትምህርት የቀድሞው ዲግሪ የሚያገለግለው በር ለማስከፈት ብቻ ነው። ከበሩ ካለፉ በኋላ የግብርናው ባለሙያ፣ የሒሳብ ሠራተኛው፣ መምህሩና ነርሱ ሁሉ አንድ ዓይነት ትምህርት በአንድ ዓይነት አቀራረብ ይማራሉ፤ ያመጡትን ዕውቀት ከደጅ ጥለው ይገባሉ ለማለት ይቻላል። የመርሐ ግብሩ ዋናው ጥቅም ግን መሆን የነበረበት ያመጡት ዕውቀት ነበር። በመርሳ ግብርና ያጠና ሰው የመሬት ልኬትን፣ የመስኖ ተራን፣ የሰብል ጉዳት ግምትን ከማንም ዳኛ ይልቅ ያውቃል። የካሣ ክርክር በሚቀርብበት ችሎት እንዲህ ያለ ሰው ምን ያህል በተፈለገ! የመመረቂያ ጽሑፉን በመሬት ሕግ ላይ እንዲያደርግ፣ በሲሪንቃ ካሉ ተመራማሪዎች ጋር እንዲመካከር፣ የክርክር ልምምዱን በመስኖ ውሃ ጉዳይ ላይ እንዲያካሂድ የሚያስገድደው ሥርዓተ ትምህርት የት አለ?

የሌሎች አገሮች ልምድ በዚህ ረገድ ጠቃሚ ነው። በስኮትላንድ ዲግሪ ያለው ሰው የሕግ ዲግሪውን በሁለት ዓመት ሊጨርስ ይችላል፤ ነገር ግን ትምህርቱ በመደበኛ የቀን ጊዜ የሚሰጥ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የአንድ ዓመት የሙያ ዲፕሎማና የሁለት ዓመት ተቈጣጣሪ ያለው ልምምድ ይጠብቀዋል። በዩናይትድ ስቴትስ ሕግ በአብዛኛው በሌላ ዲግሪ ላይ የሚጨመር የሦስት ዓመት ትምህርት ነው። በህንድም ለባለ ዲግሪዎች የሦስት ዓመቱ መንገድ እስከ ዛሬ አለ። ይበልጥ የሚያስተምረን ግን የጃፓን ነገር ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ የሕግ ትምህርት ቤቶችን ስትከፍት ሕግ ለተማሩ ሁለት ዓመት፣ ላልተማሩ ሦስት ዓመት መደበች፤ ሐኪሙና መሐንዲሱ ወደ ሕግ ሙያ እንዲመጡ ተስፋ ተጥሎ ነበር። ሆኖም ከሌላ ሙያ የመጡት በሦስቱ ዓመት ውስጥ የሙያ ፈተናውን ለማለፍ ተቸገሩ፣ አመልካቹም እየሳሳ ሄደ። ከተከፈቱት 74 ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከግማሽ በላዩ ኋላ አዲስ ተማሪ መቀበል አቁመዋል። ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም፣ የተለየ ዕውቀት ያለውን ሰው ጋብዞ በአንድ ዓይነት ፈተና ብቻ መመዘን አንዱ ነበር። እኛም ያንኑ እያደረግን ነው፤ የመውጫ ፈተናው ለሁሉም አንድ መሆኑ ተገቢ ቢሆንም፣ ከመውጫ ፈተናው በፊት ያለው መንገድ ግን አንድ መሆን አልነበረበትም።

ከዚህ ላይ የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ሊያስቡበት የሚገባ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። መምህሩ ሕግ የሚማረው ለምንድን ነው? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ደመወዙ አልበቃ ስላለው፣ ዕድገቱ ስለ ተዘጋበት፣ ሕግ ደግሞ ወደ ዳኝነት፣ ወደ ዐቃቤ ሕግነት፣ በአዋጅ 1249/2013 እንደተደነገገው የሥራ ልምድና ፈተና አሟልቶ ወደ ጥብቅና የሚያወጣ መሰላል ስለሆነ ነው። በዚህ ሰው ላይ ሊፈረድበት አይገባም። ነገር ግን ከሐብሩ ገጠር ትምህርት ቤት አንድ የፊዚክስ መምህር በሕግ ተመርቆ ሲሄድ፣ በፍትሕ በኩል የተገኘው ትርፍ በትምህርት በኩል ከደረሰው ኪሳራ ጋር ተወራርዶ አያውቅም። ሁለቱን የሚያስተያይ መዝገብ የለንም። የሕግ ትምህርት ቤቶች ያስመረቋቸው ሰዎች ከሁለት ዓመት በኋላ የት እንዳሉ ቢመዘግቡ፣ የትምህርት ቢሮውም የለቀቁትን መምህራን ምክንያት ቢይዝ ነገሩ ይታወቅ ነበር። በተቃራኒው፣ ሕግ ተምሮ በመምህርነቱ የሚቀጥል ሰው ቢገኝ ትልቅ ሀብት ነው። ያለ ዕድሜ ጋብቻ ሊፈጸምባት የታሰበች ተማሪ ስትመጣበት የቤተሰብ ሕጉ 18 ዓመት ማለቱን ብቻ ሳይሆን ለማን፣ በምን ሥርዓት ማመልከት እንዳለበት ያውቃል። የመምህራን የዲሲፕሊን ጉዳይ ሲነሣም ማስረጃ ምን እንደሆነ ያውቃል። እንዲህ ያለውን ሰው በትምህርት ቤቱ የሚያስቀር የደረጃ ዕድገት ግን አልተዘጋጀለትም።

አካባቢው ያለፈበትን መከራም ማንሣት ግድ ነው። ወልድያና ዙሪያዋ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ተይዘው በቆዩበት ጊዜ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲው ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በክልሉ በተነሣው ግጭት መማር ማስተማሩ በተደጋጋሚ ተቋርጧል። የባከነውን ዘመን ለማካካስ ሲባል ትምህርቱ ይበልጥ ይጨመቅ የሚል ሐሳብ ሊመጣ ይችላል። አካባቢው የሚያስፈልገው ግን ከወትሮው የበረታ የሕግ ሰው ነው። ንብረቱ የጠፋበት፣ የይዞታ ደብተሩ የተቃጠለበት፣ ሟቹን የት እንደቀበረ በሰነድ ማስረዳት የተሳነው ሰው ወደ ችሎት ሲመጣ፣ ሁሉም ማስረጃ በወረቀት ነው ብሎ የተመረቀ የሕግ ባለሙያ አይረዳውም። በወሎ አበጋሮችና ሽማግሌዎች፣ ሙስሊምና ክርስቲያኑን አቀራርበው ደም የሚያደርቁበት ልማድ እንዳለ የታወቀ ነው። ይህን ልማድ ከመደበኛው ፍርድ ጋር ማገናኘት የሚችለው የአካባቢውን ሰው የሚያውቅ፣ በዕድሜም የበሰለ ተማሪ ነው፤ እንዲህ ያለው ደግሞ ከሌላ ሙያ ወደ ሕግ ከሚመጡት መካከል አይጠፋም።

ለወልድያና ለመርሳ ተማሪ ዛሬውኑ ሊደረግ የሚችል አንድ ቀላል ነገር አለ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች በአማርኛ በቅጽ ተጠርዘው ታትመዋል። ከእንግሊዝኛው መማሪያ ጎን ለጎን ተማሪው በየሳምንቱ አንድ የሰበር ውሳኔ አንብቦ፣ ጭብጡን፣ የግራ ቀኙን ክርክርና የችሎቱን ምክንያት በአንድ ገጽ አማርኛ ቢጽፍ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ከመቶ የማያንሱ መዝገቦችን መርምሮ ይወጣል። ይህን ለማድረግ አዲስ በጀት አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው መምህሩ የተጻፈውን ገጽ እንዲያርም ብቻ ነው።